የጭንቅላት ውሃ ማውረጃ ሻንት፦ የአንጎል ዕጢ ላለበት ሕጻን የሚሠራውና የማይሠራው

እዚህ የምንመዝነው ዕቃ ከስፓጌቲ ዘንግ ጥቂት ወፈር የሚል ለስላሳ የሲሊኮን ቱቦ ነው። አንዱ ጫፉ አንጎል ውስጥ፣ ሌላው ጫፉ ሆድ ውስጥ ይገባል። መካከሉ ላይ ውሃው ወደ ኋላ እንዳይመለስና ከልክ በላይ እንዳይወርድ የሚቆጣጠር ቫልቭ አለው። ሐኪሞች ቪፒ ሻንት ይሉታል። ሻንት በብዛት የሚታወቀው የጭንቅላት ውሃ ይዘው በተወለዱ ሕጻናት ነው፤ እኛ ግን የምናየው በዕጢ ምክንያት ውሃ ለተቋጠረባቸው ልጆች ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ዕጢ ባለበት ልጅ ሻንቱ የሚገባበት ምክንያትም፣ የሚያመጣው አደጋም ይለያል።

ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። ሻንት ሕይወት ያተርፋል፣ ፋታ ይሰጣል፤ ዕጢውን ግን አይነካውም። ርካሹ ቫልቭ ከውዱ ያንሳል የሚል ማስረጃ አላገኘንም። ስለዚህ ቤተሰብ በመከራ ያሰባሰበውን ገንዘብ ውድ ቫልቭ ላይ ከሚጨርስ፣ ለኤምአርአይ፣ ለዕጢው ቀዶ ሕክምናና ከዚያ ለሚከተለው ጨረር ቢያቆየው ልጁን ይበልጥ ይጠቅማል እንላለን።

ውሃው የሚቋጠረው እንዲህ ነው። አንጎል ውስጥ ቬንትሪክል የሚባሉ የውሃ ጓዳዎች አሉ። አዋቂ ሰው ላይ በቀን ግማሽ ሊትር ያህል፣ በሰዓት 20 ሚሊ ሊትር ገደማ ንጹሕ ውሃ ይመነጭባቸዋል፤ ልጆች ላይ መጠኑ ያንሳል። ውሃው በአራተኛው ቬንትሪክል በኩል ወጥቶ አንጎልንና ሕብለ ሰረሰርን ካጠበ በኋላ ወደ ደም ይመለሳል። ከ1 እስከ 10 ዓመት ባሉ ልጆች ብዙው የአንጎል ዕጢ የሚበቅለው ደግሞ ከማጅራት በላይ፣ ከዚያው መውጫ አጠገብ ነው፦ ሜዱሎብላስቶማ፣ ፓይሎሲቲክ አስትሮሳይቶማ፣ ኤፔንዳይሞማ። ዕጢው መውጫውን ሲደፍነው ምንጩ አይቆምም። ልጁ ጠዋት ሲነሳ ራሱን ያመዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ካስመለሰ በኋላ ቀለል ይለዋል፤ ሲራመድ ይንገዳገዳል፣ ዓይኑ ይሸውራል። ተቅማጥና ትኩሳት ሳይኖር ለሳምንታት ጠዋት ጠዋት የሚያስመልስ ልጅ የጃርዲያና የታይፎይድ መድኃኒት ሲውጥ መክረም የለበትም። ከሁለት ሳምንት ካለፈው፣ በተለይ አረማመዱ ከተለወጠ፣ የጭንቅላት ፎቶ ይነሳ።

የሕብለ ሰረሰር ዕጢ አብዛኛውን ጊዜ ሻንት አያስፈልገውም። ምልክቱም ሌላ ነው፦ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ የጀርባ ሕመም፣ የእግር መድከም፣ ሽንት መቆጣጠር የነበረ ልጅ መልሶ ሲያቅተው። ቢሆንም ሜዱሎብላስቶማና ኤፔንዳይሞማ በውሃው ተጉዘው አከርካሪ ላይ ሊዘሩ ስለሚችሉ ኤምአርአይ ሲታዘዝ ጭንቅላትም ሙሉ አከርካሪም በአንድ ቀጠሮ ቢነሱ መልካም ነው። በተቻለ መጠን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይሁን፤ ከቀዶ ጥገና በኋላ አከርካሪ ላይ የሚወርድ ደም ዕጢ መስሎ ያሳስታል። ሌላም ጥብቅ ነገር አለ። ማጅራት በኩል ዕጢ ያለበትና የጭንቅላት ግፊቱ የጨመረ ልጅ ከወገቡ ውሃ አይቀዳለትም። ከታች ሲቀዳ ከላይ ያለው ግፊት አንጎልን ወደ ታች ገፍቶ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል።

ወደ ዕቃው እንመለስ። ሦስት ክፍል አለው። የአንጎል ካቴተሩ ጫፉ አካባቢ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። ቫልቩ ከጆሮ ኋላ ወይም ከፊት ለፊቱ ቆዳ ሥር ይቀመጣል፤ ላዩ ላይ የውሃውን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት አለ፣ ቀስቱ ሁልጊዜ ወደ ሆድ ማየት አለበት። የሆዱ ካቴተር ረጅሙ ነው። ልጁ ሲያድግ እንዳያጥር ሆድ ውስጥ ተጨማሪ ርዝመት ተጠቅልሎ ይተዋል። አንጀት አይቋጥረውም ወይ ብለው የሚጨነቁ ወላጆች አሉ፤ ለስላሳ ስለሆነ በአንጀቶች መካከል እየተንሳፈፈ ይኖራል፣ ችግር የሚፈጥረው በጣም አልፎ አልፎ ነው።

ቫልቭ ሁለት ዓይነት ነው። ቋሚው ከፋብሪካ ሲወጣ ዝቅተኛ፣ መካከለኛ ወይም ከፍተኛ ግፊት ተብሎ ተወስኖ ይመጣል፤ አንዴ ከገባ አይለወጥም። የሚስተካከለው ደግሞ ውስጡ ጥቃቅን ማግኔቶች ስላሉት ቆዳ ሳይቀደድ ከውጭ በመሣሪያ ይለወጣል። የሜድትሮኒክ ኩባንያ ስትራታ ከ0.5 እስከ 2.5 ድረስ 5 ደረጃ አለው፤ የኮድማን ኩባንያ «ሀኪም» የተባለው ቫልቭ 18 ደረጃ፣ ሰርታስ 8 ደረጃ አላቸው። ሲሰማ የሚስተካከለው ይበልጣል ያሰኛል። ጥናቶቹ ግን እንደዚያ አይሉም። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ፣ 344 ልጆችን በሦስት የተለያዩ ቫልቮች ዕጣ አውጥቶ የመደበ ሙከራ በቫልቮቹ መካከል ልዩነት አላገኘም፤ ሁሉንም ደምሮ ያለ ብልሽት አንድ ዓመት የዘለቀው ሻንት 61 በመቶ፣ ሁለት ዓመት የዘለቀው 47 በመቶ ብቻ ነበር። በ1999 የሚስተካከለውን ከቋሚው ጋር ያነጻጸረው ሙከራም ሻንቶቹ ሳይበላሹ በሚቆዩበት ጊዜ ልዩነት አላየባቸውም።

ለእኛ አገር ይበልጥ የሚቀርበው ከምባሌ፣ ኡጋንዳ የመጣው ነው። ቤንጃሚን ዋርፍ የሚባሉት የሕጻናት የነርቭ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት በ195 ልጆች ላይ ሕንድ ውስጥ የሚሠራውን ቻብራ ሻንት ከኮድማን ጋር አነጻጸሩ። ያን ጊዜ ቻብራው 35 ዶላር፣ ኮድማኑ 650 ዶላር ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ በመዘጋትም፣ በጀርም በመመረዝም፣ በሞትም ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። የ615 ዶላር ልዩነት! ይህን ገንዘብ አንድ ቤተሰብ ለምን እንደሚያወጣው የሚያስረዳ ምክንያት ሊኖረው ይገባል።

ዕጢ ላለበት ልጅ የሚስተካከለው ቫልቭ ሦስት የተለዩ ጉድለቶች አሉት፤ ሻጮች ብዙ ጊዜ አያነሷቸውም። አንደኛ፣ ልጁ ከሕክምናው በኋላ ለዓመታት በየጥቂት ወሩ ኤምአርአይ ይነሳል። አንዳንድ ቫልቮች፣ ለምሳሌ ስትራታ፣ በማሽኑ ማግኔት ደረጃቸው ሊዛባ ስለሚችል ከእያንዳንዱ ኤምአርአይ በኋላ መፈተሽ አለባቸው። እንደ ሰርታስ ፕላስና ፕሮጋቭ 2.0 ያሉት አዳዲሶቹ እስከ 3 ቴስላ የሚደርስ የማግኔት ኃይል እንዲቋቋሙ ተሠርተዋል፤ እነሱም ቢሆኑ በዋጋ ይወደዳሉ። ሁለተኛ፣ የአንዱ ፋብሪካ ማስተካከያ የሌላውን ቫልቭ አይለውጥም። በምትከታተሉበት ሆስፒታል የዚያ ቫልቭ መሣሪያ ከሌለ የከፈላችሁበት ጥቅም የለም፤ ቢዛባም የሚመልሰው አይኖርም። ሦስተኛ፣ ማግኔቱ ኤምአርአይ ፎቶው ላይ ጥቁር ጥላ ይጥላል። ቫልቩ ከጆሮ ኋላ ከተቀመጠ ጥላው የሚያርፈው ዕጢው የነበረበት ቦታ አጠገብ ሊሆን ይችላል፤ ዕጢው መመለስ አለመመለሱን ለማየት የተነሳው ፎቶ ማየት የሚገባውን ይጋርዳል ማለት ነው። የሚስተካከል ቫልቭ የግድ ካስፈለገ ከዕጢው በተቃራኒ በኩል ይቀመጥ።

ውጭ አገር ያለ ዘመድ «ሻንት ገዝቼ ልላክ» ሲል ቀዶ ሐኪሙ ሳይጠየቅ አይገዛ። ተጨማሪ ገንዘብ ካለ የሚሻለው በአንቲባዮቲክ የተነከረው ካቴተር ነው፤ ቱቦው ሪፋምፒሲንና ክሊንዳማይሲን ስለተዋሃዱት ቀለሙ ወደ ብርቱካን ያደላል። በብሪታንያና በአየርላንድ 1,605 ሰዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ሙከራ እንዳሳየው በተራው ቱቦ 6 በመቶ የሆነው መመረዝ በዚህኛው ወደ 2 በመቶ ወርዷል። ብር የተቀላቀለበት ቱቦ ግን ከተራው አልተሻለም። እዚህ ላይ ልዩነቱ እውነተኛ ነው። ይሁን እንጂ ይህም ቱቦ መዘጋትን አያስቀርም።

የትኛውም ሻንት ቢገዛ ማሸጊያው ላይ አራት ነገር ይታይ፦ የሚያበቃበት ቀን፣ መምከኑን የሚያሳየው ምልክት፣ የግፊቱ ዓይነት፣ የመለያ ቁጥሩ። የረጠበ፣ የተበሳ ወይም የተከፈተ እሽግ አይገዛም፤ የተከፈተን ዳግም አምክኖ መጠቀም አይቻልም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ፦ ለመሆኑ ሻንት መግባት አለበት ወይ? ዕጢው በቶሎ መውጣት ከቻለ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። መውጫውን የደፈነው ዕጢ ሲነሳ ውሃው በአብዛኛው መንገዱን መልሶ ያገኛል፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ቋሚ ማውረጃ የሚያስፈልጋቸው ከሦስት ልጆች አንዱ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ናቸው። ከ2 ዓመት በታች የሆኑና ዕጢው ቀድሞ የተሰራጨባቸው ልጆች ይበልጥ ያስፈልጋቸዋል። የተሻለው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ ዴክሳሜታሶን የዕጢውን ዙሪያ እብጠት ለመቀነስ፤ በቀናት ውስጥ የዕጢው ቀዶ ሕክምና፤ ልጁ እስከዚያ ካልቆየ ወይም በቀዶው ጊዜ ካስፈለገ ውሃውን ለጊዜው ወደ ውጭ ከረጢት የሚያወርድ ቱቦ። ጊዜያዊው ቱቦ ከተደረገ የከረጢቱ ከፍታ የሚለካው ከጆሮ ቀዳዳ ነው። ልጁ ሲነሳ ወይም አልጋው ከፍና ዝቅ ሲል ከረጢቱ ካልተስተካከለ ውሃው በአንድ ጊዜ ይወርዳል፤ ስለዚህ ከማንቀሳቀስ በፊት ነርሷ ትጠራና ቱቦው ይዘጋ። ዴክሳሜታሶንን ደግሞ ቤተሰብ በራሱ ጊዜ በድንገት አያቋርጥ፤ ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው።

ቱቦ ሳይተው ውሃውን የሚያወርድ ሌላ መንገድም አለ፤ በኢንዶስኮፕ (ካሜራ ባለው ቀጭን መሣሪያ) ገብቶ የሦስተኛውን ቬንትሪክል ወለል መብሳት። ለማን እንደሚሠራ የሚገምት የነጥብ ሰንጠረዥ አለ። ለምሳሌ የ5 ዓመት ልጅ በዕድሜው 40 ነጥብ ያገኛል፤ ዕጢው ማጅራት በኩል ከሆነ 20፤ ቀድሞ ሻንት ካልገባለት 10። ድምሩ 70፣ ትርጉሙም ከስድስት ወር በኋላ ሻንት ሳይፈልግ የመቆየት ዕድሉ 70 በመቶ ገደማ ነው። የ3 ወር ሕጻን ግን በዕድሜው 10 ብቻ ስለሚያገኝ ተስፋው አነስተኛ ነው። ኢንዶስኮፕ ያለበት ቦታ ላይ ይህ ዘዴ ከሻንት እንዲቀድም እንመክራለን። ቱቦ የለውም ማለት ግን አይዘጋም ማለት አይደለም፤ ቀዳዳው ከዓመታት በኋላም ሊደፈን ይችላል፣ ያን ጊዜ ልጁ በፍጥነት ይደክማል።

በአገራችን ግን የሕጻናትን የአንጎል ዕጢ የሚያወጡ ሐኪሞችና ጠረጴዛዎች ጥቂት ናቸው፣ ወረፋው ይረዝማል። ዘውዲቱ መታሰቢያና ጥቁር አንበሳ የሚደርሱ ልጆች ብዙዎቹ ዘግይተው፣ ዓይናቸው እየደከመ ነው የሚመጡት። ስለዚህ ሻንት መጀመሪያ ይገባል፤ ይህ ስህተት አይደለም፣ ዓይንና ሕይወት ማትረፍ ነው። የሚያስፈራን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሻንቱ በገባ በማግስቱ ማስመለሱ ይቆማል፣ ራስ ምታቱ ይለቃል፣ ልጁ ይስቃል፣ ይበላል። ቤተሰቡ «ዳነልን» ብሎ እግዚአብሔርን አመስግኖ ወደ አገሩ ይገባል፤ ቀጠሮው ይረሳል ወይም ገንዘቡ ያልቃል። ዕጢው ግን እዚያው ነው፣ ያድጋል። ፓይሎሲቲክ አስትሮሳይቶማ ሙሉ በሙሉ ከወጣ አብዛኛውን ጊዜ የሚድን ዕጢ ነው፤ ሜዱሎብላስቶማም በቀዶ፣ በጨረርና በኬሞ ብዙ ልጆች የሚድኑበት ነው። ሻንት ብቻ ገብቶለት የቀረ ልጅ ይህ ሁሉ ዕድል ያመልጠዋል።

ሻንት ቀድሞ ሲገባ ሐኪሙ የሚጠነቀቅባቸው ነገሮችም አሉ። ከላይ ውሃው በፍጥነት ከወረደ ከታች ያለው ዕጢ አንጎልን ወደ ላይ ሊገፋ ይችላል፤ ልጁ ከቀዶው በኋላ በሰዓታት ውስጥ ከነቃበት መልሶ ይደነዝዛል። ዕጢው ውስጥ ደም ሊፈስም ይችላል። ስለዚህ ውሃው በቀዶው ጊዜ በአንድ ጊዜ አይለቀቅም፤ ልጁም የመጀመሪያውን 24 ሰዓት በቅርብ ክትትል ሥር ይቆያል። የዕጢ ሕዋስ በቱቦው ወርዶ ሆድ ውስጥ መዝራቱ ተመዝግቧል፣ ግን በጣም ጥቂት ነው፤ ለዚህ ተብሎ ሻንት አይቀርም።

ቀዶ ሕክምናው ራሱ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከመቁረጡ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ አንቲባዮቲክ በደም ሥር ይሰጣል። ፀጉሩ በምላጭ ሳይሆን በማሽን ይነሳል፤ ምላጭ ቆዳን እየጫረ ለጀርም በር ይከፍታል። ጭንቅላቱ ላይ አንድ ቀዳዳ፣ ሆዱ ላይ አንድ ትንሽ ቁርጥ፤ በመካከላቸው ቱቦው በቆዳ ሥር ይሳባል። ሲሊኮን ብናኝና የጨርቅ ቃጫ ይስባል። ስለዚህ ሻንቱ ከእሽጉ የሚወጣው ሊገባ ሲል ብቻ ነው፣ ጨርቅ ላይ አይጋደምም፣ የሚነካውም ሰው የላይኛውን ጓንት ቀይሮ ነው። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ በአንድ የሆስፒታሎች ኅብረት እንዲህ ያሉ ደረጃዎችን በአንድ ዝርዝር አስገብተው ሁሉም እንዲከተል ሲያደርጉ መመረዙ ከ8.8 ወደ 5.7 በመቶ ወርዷል። ቫልቩ ማንም ይሥራው፣ ይህ ጥንቃቄ ከብራንዱ ይበልጣል።

የሚበላሸውስ ለምንድን ነው? ብዙውን ጊዜ የሚዘጋው የላይኛው ጫፍ ነው፤ የቬንትሪክሉ ሥጋ መሰል ሕብረ ሕዋስ ወደ ጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ይገባል፣ ደም ወይም የፕሮቲን ፍርፋሪም ይደፍነዋል። መመረዝ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ነው፤ ጀርሙ ከልጁ ከራሱ ቆዳ የሚገባ ስታፊሎኮከስ ነው። ትኩሳት፣ በቱቦው መስመር የሚታይ መቅላት፣ የሆድ ቁርጠት ምልክቶቹ ናቸው። የተመረዘ ሻንት በመድኃኒት ብቻ አይድንም፤ ይወጣል፣ ውሃው በጊዜያዊ ቱቦ ይወርዳል፣ ውሃው ንጹሕ ሲሆን አዲስ ይገባል። ከዓመታት በኋላ ደግሞ አንገት ላይ ያለው ቱቦ ይደርቅና ይሰበራል፣ ወይም ልጁ ቁመት ሲጨምር ከሆዱ ይወጣል። ከልክ በላይ ሲወርድም ምልክት አለው፦ ሲቆም የሚያመው፣ ሲተኛ የሚለቀው ራስ ምታት።

ቤት ውስጥ የሚደረገው ብዙ አይደለም፣ ግን ይቆጠራል። ስፌቱ እስኪወጣና ቁስሉ እስኪደርቅ ድረስ፣ 10 እስከ 14 ቀን፣ ጭንቅላቱ አይረጥብም፤ ጠበልም ቢሆን በመጠጣት ይሁን። ቁስሉ ላይ ቅቤ አይቀባም። ልጁ ቫልቩ ባለበት በኩል ተጋድሞ አይተኛ፤ በተለይ ከሲታ ሕጻን ላይ ቆዳው ይሳሳና ቫልቩ ይገለጣል። ሴት ልጅ ከሆነች ሹሩባው በቫልቩ ላይ ጠብቆ እንዳይጎነጎን ለሠሪዋ ይነገር። ቫልቩን በጣት እየጫኑ «ይሠራል፣ አይሠራም» ማለት ምንም አያሳውቅም፤ መነካካቱም ይቅር። ማግኔት ያላቸው መጫወቻዎችና የጆሮ ማዳመጫዎች ከሚስተካከል ቫልቭ ጥቂት ጣት ርቀው ይያዙ፤ ቋሚ ቫልቭ ካለው ይህ ጭንቀት የለም። እግር ኳስ ይጫወት።

እርግብግቢቱ ያልገጠመ ሕጻን ከሆነ የጭንቅላቱ ዙሪያ በሳምንት አንዴ በሜትር ይለካና ይጻፍ። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በወር 2 ሳንቲ ሜትር፣ እስከ 6 ወር 1፣ ከዚያ እስከ ዓመቱ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ገደማ ማደጉ የተለመደ ነው። በሳምንት አንድ ሳንቲ ሜትር ከጨመረ፣ እርግብግቢቱ ልጁ ተቀምጦ ሳያለቅስ ከተወጠረ፣ ወይም ዓይኑ ወደ ታች ተጎትቶ ነጩ ከላይ ከታየ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂድ። ተለቅ ያለ ልጅ ላይ የሚታየው ራስ ምታት፣ ማስመለስና ከወትሮው የተለየ እንቅልፍ ነው። ጠርተውት በቶሎ የማይነቃ ከሆነ እስከ ጠዋት አይጠበቅም።

ቀዶው ባለቀ ቀን የሻንቱ እሽግ ላይ ያለችው ተለጣፊ ወረቀት አትጣል፤ ካርዱ ላይ ትለጠፍ። አጠገቧ የገባበት ቀን፣ የቀኝ ወይም የግራ፣ ቋሚ ወይም የሚስተካከል፣ የሚስተካከል ከሆነ በስንት ደረጃ እንደተተወ ይጻፍ። ካርዱ በስልክ ፎቶ ይነሳና ለአባትም፣ ለእናትም፣ ልጁን ለሚይዝ ዘመድም ይላክ፤ ሌሊት ድንገተኛ ክፍል የሚደርሰው ከእነዚህ ማን እንደሚሆን አይታወቅም። እዚያው ወረቀት ላይ፣ ከሻንቱ መረጃ በታች በትልቁ፣ የዕጢው ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ቀን ይጻፍ። ቀኑ ገና ካልተቆረጠ ከሆስፒታሉ ከመውጣታችሁ በፊት አስቆርጡት።